የጨው ዓሣው ሥርዓት

ሳይማ ውሸቱን የጀመረችው በክፋት አልነበረም። ለአያቷ ብላ ነው። ደግሞም ከተማው ውስጥ አፍ ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች ሌላ የሚዋሽ ሰው አልተገኘም።

ኒስካላ እንዲህ ናት። ሚሺጋን ውስጥ፣ ከትልቁ ድልድይ ወዲያ፣ ሐይቁ በብርድ ድንጋይ ሆኖ መኪና የሚሸከምበት አገር። የሰዉ ቅድመ አያቶች ከፊንላንድ ሲመጡ ዝምታቸውንም በሣጥን ቆልፈው ያመጡ ይመስላል። ጎረቤት ከጎረቤት ይገናኝና አንዱ «ቀዘቀዘ» ይላል። ሌላው ትንሽ አሰብ አድርጎ «አዎ» ይላል። ከዚያ ሁለቱም ብዙ ያወሩ መስሏቸው አፍረው ይለያያሉ። ሳይማ ብቻ በማን እንደወጣች አይታወቅም። እናቷ በረዶ ጠራጊ መኪና ስለምትነዳ በበረዶው ወራት ቤት ውስጥ አትገኝም፤ ስለዚህ ልጅቷ ያደገችው በአያቷ በሂልያ እጅ ነው። እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ ሙሙ ነው የምትላት። ሙሙ ደግሞ ከዝምተኞቹ ሁሉ ዝምተኛ ናት። ምናልባት ሳይማ የሁለቱንም ድርሻ እያወራች ይሆናል።

ሙሙ ያላት ደስታ አንድ ነው፤ የቅዳሜ ሳውናዋ፣ ገላ የሚሞቁባት የእንፋሎት ቤቷ። ከቤቱ ጀርባ፣ ሐይቁ ዳር ላይ የቆመች ትንሽ የግንድ ቤት ናት፤ ጭስ ማውጫ የላትም፣ ውስጧ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ነው። ሙሙ ከጠዋት ጀምራ ድንጋዮቹ ሥር እንጨት ታነዳለች። ጭሱ ቤቱን ሞልቶ ይውላል። ከዚያ እሳቱ ይጠፋል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ሙቀቱ ድንጋዮቹ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ቀኑ መደብዘዝ ሲጀምር ሙሙ ገላዋን የምትገርፍበትን የበርች ዛፍ ቅጠሏን ይዛ ትገባለች። ሳምንቱን ሙሉ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ የከረመ ጉልበቷ እዚያ ውስጥ ዝም ይላል። ሳይማም አንዳንዴ እንድትገባ ይፈቀድላታል፤ አፏን ከዘጋች።

ነገሩን ያበላሸው ጋሽ አርቪድ ኮስኬላ ነው። ጋሽ አርቪድ የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። በዓሉም በበረዶው ወራት እኩሌታ ላይ፣ ድቡ ጎሬው ውስጥ በሌላ ጎኑ የሚገላበጥበት ቀን ተብሎ የሚከበረው ነው። ዘንድሮ በዓሉ ቅዳሜ ሲውል፣ ከድልድዩ ማዶ ካሉት ከተሞች አንድ አውቶቡስ ሙሉ እንግዳ ሊመጣ ሆነ። ጋሽ አርቪድም ገና ሳይጠይቅ የጭስ ሳውና አሳያችኋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ኖሯል። ቃሉን ከገባ በኋላ ወደ ሙሙ ወጥ ቤት መጥቶ፣ ቡናውን እያማሰለ፣ እንግዶቹ ገብተው ቢሞቁ ችግር ይኖረው እንደሆነ ጠየቃት።

ሙሙም «ኧረ ምንም አይደል» አለች።

ኒስካላ ውስጥ ሰው «ምንም አይደል» ሲልሽ አንቺ ጠያቂዋ ወዲያው «አይ፣ አይ፣ ይቅር፣ ላስቸግር አይደል የመጣሁት» ማለት አለብሽ። ከዚያ ተጠያቂዋ እንደገና ትላለች፤ አንቺም እንደገና እምቢ ትያለሽ። ነገሩ እውነት ከሆነ ሦስተኛው ላይ ይታወቃል። ይህን ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ጋሽ አርቪድም ያውቃል። ግን አውቶቡሱ ዓይኑን ጋርዶታል መሰለኝ፣ በመጀመሪያው ላይ አመስግኖ፣ ቡናውን ሳይጨርስ ብድግ አለ። በዚያ ላይ በር ላይ ቆሞ ስለ አየሩ ሳያወራ፣ ኮፍያውን ሦስቴ ሳያወልቅና ሳያደርግ፣ እንዲሁ ወጥቶ ሄደ። በኒስካላ እንዲህ የሚወጣ ሰው ወይ ቤቱ እየተቃጠለ ነው፣ ወይ አንድ ነገር ሰርቋል።

ሙሙ ባልዲ አንስታ የሳውናውን አግዳሚዎች ፈገፈገች። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ፎጣዋን አውርዳ፣ አጣጥፋ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው።  ያ ፎጣ ከምስማሩ ወርዶ አያውቅም።

ሳይማ ለምን አይሆንም እንደማትለው ስትጠይቃት ሙሙ ራቁቴን ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ያለቻት ያህል አየቻት። ቃል አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። አምና ጎረቤት ከተማ የገቡ እንግዶች ድንጋዩ ላይ ቢራ ደፍተው አንዱ ድንጋይ እንደ ጥይት ፈንድቷል፤ አንዷማ እዚያው ውስጥ ሆና በስልኳ ቪዲዮ ስትቀርጽ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ገብቶ ከወጣ በኋላ ደግሞ ለሙሙ የሚቀራት ሙቀት ድመት አያሞቅም። ሳይማ ያን ማታ ቆረጠች። አያቷ አፍ ከሌላት የሷ አፍ ለምን ተፈጠረ?

የበዓሉ ቀን ጋሽ አርቪድ እንግዶቹን እንድትቀበል አውቶቡሱ ላይ አወጣት። የመረጣት ሰው ፊት ስለምትናገር ነው። ሰውዬው በገዛ እጁ ማይክሮፎኑን ሲያቀብላት ሳይማ ልታቅፈው ምንም አልቀራትም።

መጀመሪያ የቀኑን ነገር በሥርዓት ነገረቻቸው። ሚስት ተሸክሞ መሮጥ አለ፣ የሌላ ሰው ሚስትም ትቻላለች። በእግር እየገፉ የሚጋልቡት የወንበር መንሸራተቻ አለ። በረዶ በስተው ዓሣ የሚያጠምዱም አሉ፤ እነሱን ሰላም ማለት ይቻላል፣ መልስ መጠበቅ ግን አይቻልም። አዳራሹ ውስጥ የሄል ዳቦ አለ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማታ ወደ ጭስ ሳውና የሚገባ ሰው መጀመሪያ ሥርዓቱን መፈጸም እንዳለበት ተናገረች።

«የምን ሥርዓት?» አለ ከኋላ አንድ ጺማም ሰውዬ። ዱዌይን የሚባል የጥርስ ሐኪም ነው፤ ስልኩን ገና ከመግባቱ ቀስሯል።

«የጨው ዓሣው» አለች ሳይማ። ከየት እንደመጣላት አታውቅም፤ ጠዋት የዓሣ ሻጩ ጋሪ ላይ የጨው ዓሣ በርሜል አይታ ነበር። «ሐይቁ ላይ ወጥታችሁ ወደ ሰሜን ትዞራላችሁ። ከበርሜል የወጣ ዓሣ በጥርሳችሁ ነክሳችሁ ትቆማላችሁ። ጓንት የለም፣ ወሬ የለም፣ ሳቅ የለም። ሽማግሌ በቃ እስኪል።»

 ሳይማ በፊት ወንበሮቹ ያለውን ሽቱ አሸትታ፣ የተቀባውን ከንፈርና ነጩን ጓንት ሁሉ አየችና፣ እነዚህማ አይነክሱም ብላ በሆዷ ፎጣውን ከቁም ሳጥን አወጣችው።

የፊተኛው ወንበር ላይ ጎመን የሚያክል ሐምራዊ ኮፍያ ያደረገች ወፍራም ሴትዮ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ጆርጌት ትባላለች፤ ዲትሮይት ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡሶችን ስታሰማራ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። ዓሣው ጭንቅላት እንዳለው ጠየቀች።

«ጭንቅላትም፣ ዓይንም፣ ሁሉም አለው።»

«ዓይኑ የሚያየው ወደ እኛ ነው ወደ ሐይቁ?»

ሳይማ ይህን አላሰበችበትም። «ወደ ሐይቁ» አለች።

«ይሻላል» አለች ወይዘሮ ጆርጌት። «ፊት ለፊት ከተያየን አዝንለታለሁ፣ የኔ ልጅ።»

ከዚያ አውቶቡሱ በጭብጨባ ተናጋ። ለካ እነዚህ ሰዎች በዚህ ወር ሌላ ሁለት በዓል ሄደው ሾርባና የሱፍ ኮፍያ ብቻ ነው ያገኙት። አሁን ግን እውነተኛ ባህል አገኘን ብለው ተቃቀፉ። የጥርስ ሐኪሙማ ዓሣ ለድድ መልካም ነው ብሎ ሚስቱን ያግባባ ጀመር። ሳይማ ማይክሮፎኑን እንደያዘች ቀረች።

አውቶቡሱ ሲቆም ከሁሉ ቀድማ ወርዳ ወደ ጋሽ አርቪድ ልትሮጥ ነበር። ሐምራዊው ኮፍያ ቀደማት። ጋሽ አርቪድ በረዶው ላይ ቆሞ ወይዘሮ ጆርጌትን አዳመጠ፤ አያቶቹ እውነት ጨው ዓሣ በጥርስ ይዘው ይቆሙ እንደነበር ነው የጠየቀችው። ሳይማ ከኋላ ሆና አለቀልኝ አለች።

ጋሽ አርቪድ ግን ከድልድዩ ማዶ የመጣ ሰው የገዛ አያቱን ታሪክ ሲነግረው እኔ አላውቀውም ብሎ የሚያፍር ዓይነት አይደለም። ሐይቁን ረጅም ጊዜ አየ። አፍንጫውን ጠረገ።

«ነበር» አለ። ይህች ቃል ደግሞ አነሰችው መሰል፣ «አያቴ ሁለት ይይዝ ነበር» ብሎ ጨመረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የሚያቆመው አልተገኘም። የፓስተሩ ሚስት ወይዘሮ ኢምፒ የሄል ዳቦ እየሸጠች ስለ ሥርዓቱ ስትጠየቅ፣ እናቴ በጅራቱ ነበር የምትይዘው አለች። ዓሣ ሻጩ ሰምቶ፣ በጅራት የሚይዙት የደቡብ ዳርቻ ሰዎች ናቸው፣ የኛዎቹ በጭንቅላቱ ነው አለ። ሁለቱ ተጣሉ። በኒስካላ ጠብ ማለት ድምፅ ሳያሰሙ አለመተያየት ነው። ቁርስ ላይ ስለተወለደ ባህል ምሳ ሳይደርስ ተኮራርፈው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ሳይማ በአንድ ዓይኗ ልትስቅ፣ በሌላው ልታለቅስ ሆነች።

ልታከፋው ሞከረች። ዓሣው የዘንድሮ መሆን እንደሌለበት፣ ከበርሜሉ ሥር የአምናው መውጣት እንዳለበት ለእንግዶቹ አወጀች። ዓሣ ሻጩ ደስ አለው፤ ያንን ነገር የት እንደሚጥለው ሲጨነቅ ነው የከረመው። እንግዶቹም ሽታው ሲመታቸው ይበልጥ አመኑ።

እናም የሚስት ሩጫው አልቆ፣ የዱዌይን ሚስት ዱዌይንን ተሸክማ ሦስተኛ ወጥታ፣ ነፋሱ ከሐይቁ ላይ መንፈስ ሲጀምር ሰልፉ ተሰለፈ። ከወደ ግራ እንግዶቹ፣ ከወደ ቀኝ የከተማው ሰው። የከተማው ሰው ማንም ሳይጠራው ነው የመጣው፤ በገዛ ባህሉ በእንግዳ ሊበለጥ አይችልም። ጋሽ አርቪድ መሐል ላይ ሁለት ዓሣ ነክሶ ቆሟል። ወይዘሮ ኢምፒ በጅራቱ፣ ዓሣ ሻጩ በጭንቅላቱ። የጥርስ ሐኪሙ ጺም ላይ የዓሣው ውኃ ረግቶ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል።

ሳይማ አንድ ተስፋ ቀርቷታል፤ የሳቀ ወደቀ ብላለች። ፊታቸው እየተመላለሰች የጋሽ አርቪድን አረማመድ ተራመደች። ጆሮዋን አነቃነቀች። በረዶው ላይ እንቁላል ልትጥል እንደደረሰች ዶሮ ተሽከረከረች። ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴትዮ ዕንባዋ ጉንጯ ላይ በረዶ ሠራ እንጂ ጥርሷን አላላላችም። ዘንድሮ ካዩት ቀን ሁሉ የሚበልጠውን ቀን የሰጠቻቸው እሷው ሆነች።

ያን ጊዜ ሌላ ነገር ታያት። በቃ የሚለው ሽማግሌ ማን ነው? ሽማግሌዎቹ ሁሉ አፋቸው ውስጥ ዓሣ አለ። ማንም ማንንም ሊያሰናብት አይችልም፤ እንዲሁ እንደቆሙ ሊመሽ ነው። ወደ ዳርቻው ስታይ ደግሞ ከሙሙ ሳውና ላይ ጭሱ ቆሟል። ደርሷል ማለት ነው።

ሮጠች። ሙሙ የሳውናው ደጃፍ ላይ ቅጠሏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ቤቱ ባለቤት ሳይሆን እንደ ጠባቂው ተቀምጣለች። ሳይማ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ለማን ብላ እንደዋሸች፣ እንዴት እንደከፋባት፣ አሁን ሁሉም ችለው እንደቆሙና ሁሉም ሊገቡ እንደሆነ። ጥፊ ጠበቀች።

ሙሙ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «በጭንቅላቱ ነው በጅራቱ የሚይዙት?»

ሳይማ በዚህ ጉዳይ ሰዉ መለያየቱን ነገረቻት። ሙሙ የጠበቀችው ነገር ይመስል ራሷን ነቀነቀችና ካፖርቷን ደረበች።

በረዶው ላይ ስትደርስ ቀስ ብላ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተች። የወይዘሮ ኢምፒን ዓሣ አቃናችላት። የጥርስ ሐኪሙን ትከሻ መታ መታ አደረገች። ሁሉም በቃ የምትለውን ቃል በዓይኑ ይለምናታል። ሙሙ ግን እጇን ኪሷ ከታ፣ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችውን ንግግር ባንዴ አወጣችው።

«በቃ ከማለቴ በፊት» አለች፣ «ይቺ ልጅ ልጅ ስለሆነች የሥርዓቱን መጨረሻ አታውቀውም። ሳውና የሚገባው ያቃተው ሰው ነው። ዓሣውን መያዝ ያልቻለ ደካማ ነው፣ ደካማ ሰው መሞቅ አለበት። የቻለ ሰውማ ሳውና ምን ያደርግለታል? እሱ ወደ አዳራሹ ሄዶ ሾርባውን ይጠጣል።» ከዚያ ወደ መሐል ዞረች። «አይደለም እንዴ አርቪድ? አያትህ ሁለት ዓሣ ይዞ ሲያበቃ ሳውና ገብቶ ያውቃል?»

የጋሽ አርቪድ አያት ከሳውና ወጥቶ እንደማያውቅ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጋሽ አርቪድ ግን አፉ ውስጥ ሁለት ዓሣ አለ። ሙሙን አየ። ሙሙም አየችው፤ ያቺን ሳይጨርሳት የሄደባትን ቡና ጭምር የምታየው ይመስል ነበር። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለቱ ዓሦችም አብረውት ተነቀነቁ።

እንግዶቹ ላይ የሆነውን ሳይማ መቼም አትረሳውም። ደረታቸው ተነፋ። ማንም የሚከራከር አልነበረም፤ አፍ ያለው የለማ። የጥርስ ሐኪሙ ከብርዱ የተነሣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔ ሙቀት ከማያስፈልጋቸው ሰዎች ነኝ የሚል ፊት ለስልኩ አሳየ።

ወይዘሮ ጆርጌት ብቻ ሙሙን ትክ ብላ ታያት ጀመር። መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ ጉልበቷን፣ ቀጥሎ ከኋላዋ ያለችውን ጥቁር ቤት አየች። ሐምራዊው ኮፍያ በቀስታ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ አፏን ከፈተችና ዓሣውን በረዶው ላይ ጣለችው።

«እኔስ አቃተኝ» አለች።

ከሰልፉ ሁሉ የሐዘን ድምፅ በአፍንጫ ወጣ። ሙሙ ሴትዮዋን እንደ አዲስ ተመለከተቻት። የከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ነው እንዳይባል ሙሙ ናት።

«ያሳዝናል» አለች። «ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴማ ከዲትሮይት ጀምሮ ያለቅሳል፣ እቴ።»

«ሳውናውን ልትጋሪኝ ትወጃለሽ?»

«አይ፣ አላስቸግርሽም።»

«ኧረ ግቢ።»

«አይሆንም፣ ሰው የሚበዛብሽ ከሆነ ይቅርብኝ።»

«ግቢ አልኩሽ።»

«እንግዲያስ እሺ» አለች ወይዘሮ ጆርጌት። ሙሙ ወደ ሰልፉ ዞራ በቃ አለችና፣ ሁለቱ ሴቶች ተደጋግፈው ወደ ዳርቻው አዘገሙ።

ሳይማ እየዘለለች ከተለቻቸው። ፎጣውን ከቁም ሳጥን የምታመጣው እሷ ናት፣ ውኃውንም ድንጋዩ ላይ የምትረጨው እሷ ናት፣ አፏንም ትዘጋለች። ሙሙ ግን ሳትዞር ቆመች።

«አንቺ ወዴት ነሽ?»

«ሳውና ነዋ።»

«ይዘሻል?»

«ምን?»

«ዓሣ።»

«ሙሙ፣ እኔ እኮ ነኝ ይህንን ነገር የፈ...» አለች ሳይማ። ሙሙ እግሯን ረገጠቻት። ጋሽ አርቪድ ከኋላ ቆሞ ኖሯል።

«ሳይሞክሩ ማቃት የለም» አለች ሙሙና ሄደች።

ሳይማ ወደ በርሜሉ ተመለሰች። ቀላል ነው፤ ነክሳ ወዲያው ትጥለዋለች፣ አቃተኝ ትላለች፣ ትገባለች። ከሥር አንዱን አወጣች። የአምናው ነው። ማን እንዳዘዘው ታውቃለች። ዓይኗን ጨፍና ነከሰችው። ዓይኗን ስትገልጥ ጋሽ አርቪድ አጠገቧ ቆሟል፤ እሱም አንድ አዲስ ዓሣ ይዟል።

ከመንከሱ በፊት ወደ ሐይቁ እያየ ተናገረ፤ ለጋሽ አርቪድ ብዙ ነው። ይህ ነገር በኛ ያልቃል ብሎ ይፈራ እንደነበር፣ የዛሬ ልጆች ግድ የላቸውም ብሎ ያስብ እንደነበር፣ አያቱ በሷ ዕድሜ ገና አንድ ዓሣ ብቻ መያዝ ይችል እንደነበር ነገራት። እትዬ ሂልያንም ያን ቀን በመጀመሪያው ቃሏ መያዙ ልክ እንዳልነበረና ነገ ሄዶ ቡናውን እንደሚጨርስ ነገራት። ዓይኑ ረጥቧል። ከነፋሱ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዓሣውን ነክሶ ወደ ሰሜን ዞረ።

ሳይማ መንጋጋዋን ልታላላ ሞከረች። ሰውዬውን በጎን አየችው። መልሳ ነከሰች።

ከሳውናው በኩል ውኃ ድንጋይ ላይ ሲፈላ ተሰማ፣ ቀጥሎ የሁለት ሴቶች ሳቅ። አንደኛው የሙሙ ነው። ሳይማ ያን ሳቅ ስለማታውቀው መጀመሪያ የሌላ ሰው መስሏት ነበር። ጥቂት ቆይቶ በሩ ገርበብ አለና፣ ከእንፋሎቱ መሐል የወይዘሮ ጆርጌት ራስ ብቅ አለ፤ የሙሙን ፎጣ ጠምጥማለች።

«ልጅቷ እስካሁን አላቃታትም እንዴ?» ብላ ተጣራች።

ጋሽ አርቪድ ለመልሱ ሲል ዓሣውን ከአፉ አወጣ።

«ገና ነው» አለ በኩራት። «ይቺ ልጅ እስኪመሽ ትይዛለች።» ብሎም መልሶ ነከሰ።